የአያ ክንዴ የብረት ጀበና

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ የግምጃ ቤት ገበያ በተበተነበት ሰዓት፣ አያ ክንዴ ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው ወደ እንጅባራ ይመለሱ ነበር። ግራ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አላወጡም። ያያቸው መንገደኛ «እጃቸውን ምን ነካቸው?» ቢል አይፈረድበትም። ከጋቢው ሥር የነበረው ግን ሕመም አይደለም፤ ጀበና ነው። ገና እሳት ያላየ፣ አዲስ ጀበና።

በዚያ አገር ወንድ ጀበና ይዞ በአደባባይ አይሄድም። መግዛቱም፣ በጥፍር መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሰምቶ መምረጡም የሴት ነው። አያ ክንዴ ግን ሚስታቸው ደጊቱ በጥቅምት ከሞተች ወዲህ የወንዱም የሴቱም ሥራ ተደባልቆባቸዋል። የሟቿ ጀበና አርባዋ በወጣ በሳምንቱ ተሰነጠቀ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን ዋጋዬን ገበያ እንዳይልኳት፣ ለቅሶ ደራሽ መጥቶ ቤቱን ባዶ እንዳያገኘው ፈሩ። ስለዚህ ራሳቸው ሄዱ፤ ከሸክላ ሻጮቹ ራቅ ብለው ቆመው ሰው እስኪቀንስ ጠበቁ፤ ከዚያ ሳይከራከሩ ገዝተው ሸሸጉት።

የዘንገናን ሐይቅ አለፍ እንዳሉ አንድ ኮት የለበሰ ወጣት ከፊታቸው ብቅ አለ። እንየው ነው፤ የሟቿ የወንድም ልጅ፣ ዳንግላ ላይ መምህር። አዘና ያለ አባቱን ጠይቆ በእግሩ ይመለሳል። አክስቱ ስትቀበር ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ሄዶ ስለነበር አልደረሰም።

ከቀብር ወዲህ ያልተያዩ ዘመዶች ሲገናኙ ሳይላቀሱ አይተላለፉም። አያ ክንዴ ከፈረሳቸው ወረዱ። እንየው «አክስቴን! አክስቴን!» እያለ ሮጦ መጣ። አያ ክንዴም የያዙትን ረስተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጀበናው ድንጋይ ላይ ወድቆ እንክትክት አለ።

ለቅሶው እመካከል ላይ ቆመ። ሁለቱም ወደ መሬት አዩ።

«አያ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለ እንየው ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ።

«ምንም አይደለም። አልቅስ።»

«ጀበና ነው እንዴ?»

«ነበር» አሉ አያ ክንዴ።

ለቅሷቸውን ጨርሰው፣ ፈረሱን እየሳቡ ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ። እንየው ጠየቀ፦ «ዋጋዬን ለምን አልላኳትም? ወይስ ትምህርቷን እያጠናች ነው?»

አያ ክንዴ የፈረሱን ልጓም አስተካከሉ።

«እኔ ግን የሰማሁት አለ አያ። የትምህርት ቤቷ ዲሬክተር አብሮ አደጌ ነው። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ አልመጣችም ብሎኛል። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ሰኞ ካልተገኘች ስሟን ከመዝገብ ይሰርዘዋል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከተሰረዘች ደግሞ ተመልሳ አትገባም፤ እርስዎም ያውቁታል።»

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ እኔ መሃይም ነኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ለቅሶ ደራሽ ጧት ይመጣል፤ ቀን ይመጣል፤ ሲመሽም ይመጣል። ቡና ሳይቀምስ ልመልሰው? ልጅቱ ብትሄድ ማን ያፈላዋል?»

«እርስዎ ያፈሉታላ።»

አያ ክንዴ ፈረሱን አቆሙ። «ምን አልህ?»

«እርስዎ ያፈሉታል አልሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔ ክንዴ? በጉግስ ሜዳ ልጓም የጨበጠ እጅ የጀበና ጆሮ ይጨብጣል?»

«እስካሁን ጨብጦ አልነበረም እንዴ?»

ሽማግሌው ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ነበር፤ ሐዘንተኛ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ዋጡት። «መሸከም ሌላ፣ ማፍላት ሌላ» አሉ።

«በአዲስ አበባ ቡና ቤቶች በቡና መኪና አፍልተው የሚቀዱት እኮ ወንዶች ናቸው።»

«የከተማ ወንድ የማያደርገው የለም። የኔ ቤት ቡና ቤት ነው?»

«አይደለም። ግን ለቤት የሚሆን ትንሽ የቡና መኪና ዳንግላ መጥቷል። ከታች ውሃ፣ ከመካከል ቡና ይደረግና ከሰል ላይ ይቀመጣል። ውሃው ሲፈላ ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ ቡና ሆኖ ይጠራቀማል። ሴት ነህ ወንድ ነህ ብሎ አይጠይቅም። ጧት ዋጋዬ ደብተሯን ስትይዝ እርስዎ ለራስዎም ለእንግዳዎም ያፈላሉ።»

«ቶናውስ? በረካውስ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አተላው ይደፋል።»

«በረካ የሌለው ቡና!» አያ ክንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔ ልጅ፣ ፈረንጅ ቸኩሎ የሠራውን አታምጣብኝ።»

እንየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ፣ አክስቴ እኮ ዋጋዬ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባት ብላ ውሃውን ራሷ ነበር የምትቀዳ።»

«የሞተችዋን አትጥራብኝ!» አሉ አያ ክንዴ። እስከ እንጅባራ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እንየውም ቤት ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ እህል ቀምሶ፣ ዋጋዬን ግንባሯን ስሞ ወጣ። ደጃፉ ላይ ብቻ «ሐሳብዎ ከተለወጠ ረቡዕ ዳንግላ ነኝ» አላቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የጀበናው መሰበር ቤቱን አልጎዳውም። ጎረቤታቸው እታለም ሙሉነሽ ሰምታ ወዲያው የራሷን አዋሰቻቸው። ጀበና በውሰት ይገኛል፤ የልጅ ዕድሜ ግን ከጎረቤት አይዋሱትም። አያ ክንዴም ይህን አያጡትም ነበር። ልጅቱን ቤት ያስቀራት የለቅሶ ደራሹ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ሌላውን ምክንያት ለማንም ነግረው አያውቁም።

ዋጋዬ ስትቀዳ ጀበናውን አንሥታ የእጇን አንጓ ወደ ውስጥ ትሰብረዋለች። ስኒው ሊሞላ ሲል ደግሞ ከንፈሯን ትነክሳለች። ደጊቱም እንዲሁ ነበረች። አያ ክንዴ በዚያች ቅጽበት ዓይናቸውን ገርበብ ያደርጋሉ። ቡናው ሲንቆረቆር ይሰማሉ፤ እጁንም በጭላንጭል ያዩታል። ለዚያች ለጥቂት ጊዜ ደጊቱ አልሞተችም። ዓይናቸውን ሲገልጡት ትሞታለች። በቀን ሦስት ጊዜ ትነሣለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ ትሞታለች።

በማግስቱ እሑድ፣ እንግዳው ሁሉ ወጥቶ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አያ ክንዴ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ አዩ። ግድግዳው ላይ በከሰል የተሰመሩ ጭረቶች ነበሩ። ከብዙ ቀን ጀምሮ ያዩዋቸዋል፤ ልጃቸው የእናቷን ቀን የምትቆጥር መስሏቸው ልባቸው እየባባ ዝም ይሉ ነበር። እሳቸውም በልባቸው ይቆጥራሉ። የዚያን ዕለት ደጊቱ ከሞተች ስልሳ ስድስት ቀን ሆኗታል። የልጃቸው ቁጥር ከሳቸው ጋር ይገጥም እንደሆነ ለማየት ጠጋ ብለው በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። አርባ አምስት።

«ዋጋዬ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሻል» አሉ። «እናትሽ ስልሳ ስድስት ቀኗ ነው።»

ልጅቱ ስኒ እያጠበች ነበር። እጇ ቆመ። «የእማማን አይደለም አባባ።»

«ታዲያ የምኑ ነው?»

«ትምህርት የቀረሁበት ነው።»

አያ ክንዴ ጭረቶቹን እንደገና አዩ። አምስት፣ ከዚያ ባዶ። አምስት፣ ከዚያ ባዶ። «ይህ ባዶውስ?»

«ቅዳሜና እሑድ ነው አባባ። ትምህርት የለም።»

ሞት ቅዳሜና እሑድ የለውም። አያ ክንዴ ይህን አሰቡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ቤት፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ሐዘን ያዘኑ መስሏቸው ነበር። ልጅቱ ግን ሁለት ሐዘን ነበራት፤ ሁለተኛውን ያመጡባት ደግሞ እሳቸው ናቸው። የሞተችዋን ላለማጣት ሲሉ በሕይወት ያለችዋን በሟች ቦታ አስቀመጧት። ልጅ የሟች ወንበር መሙያ አይደለችም። ይህን የሚያደርግ ሰው ክፉ አይደለም፤ ሐዘን ያሳወረው ነው። ቢሆንም ዕውር የረገጠውም ያው ተረግጧል።

ረቡዕ ጧት አያ ክንዴ በአውቶቡስ ዳንግላ ወረዱ።

የአቶ አበረ ሱቅ ከገበያው አጠገብ ነው። እንየው ከተማሪዎቹ አምልጦ መጣ። ባለሱቁ አራት የቡና መኪና ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የመጀመሪያው ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከኋላው ገመድ የተንጠለጠለበት ነበር።

«ይህ ጅራቱ ምንድን ነው?» አሉ አያ ክንዴ።

«በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው አባቴ» አለ አቶ አበረ። «በአሁኑ ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ የለም።»

«ኤሌክትሪኩ ቤቴ እስኪደርስ የልጅ ልጅ አያለሁ። አሳልፈው።»

ሁለተኛዋ እንደ ሕፃን ጡጦ ትንሽ ነበረች። «ይህች አንድ ስኒ ናት» አለ ባለሱቁ። «ለብቻው ለሚኖር ሰው።»

«ለጠላቴም አልመኛትም» አሉና ወደ ትልቁ ዞሩ። «ይህ ስንት ይቀዳል?»

«ዘጠኝ።»

«ይህ ይሻላል። ለቅሶ ደራሽ ይመጣብኛል።»

እንየው ትልቁን ከእጃቸው ቀስ ብሎ ተቀበላቸው። «አያ፣ ይህ መኪና ሁልጊዜ በሙሉ ልኩ ካልተፈላበት ቡናው አይጥምም። የዘጠኝ ሰው መኪና የዘጠኝ ሰው ቡና ይበላል። ለቅሶ ደራሹ ደግሞ... እየቀነሰ ይሄዳል።»

«ይቀንሳል?» አሉ አያ ክንዴ።

«ይቀንሳል አያ። ሰውም ቤትና እርሻ አለው።»

ሽማግሌው ለጊዜው ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ አዩ። ደጊቱን ሰው ሁሉ የሚረሳበት ቀን እንዳለ እስከዚያች ሰዓት አላሰቡትም ነበር።

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» አለ አቶ አበረ ነገሩን ለማቅለል።

«ሦስት» አሉ። ከዚያ አረሙት፦ «ሦስት ነበርን።»

ባለሱቁ አራተኛዋን ወደፊት ገፋት። ወገቧ እንደ ሴት የጠበበ፣ መያዣዋ ጥቁር፣ ሦስት ስኒ የምትቀዳ ናት። እንየው እንደ ተማሪ ቤት ትምህርት አስረዳ፦ ቂጧ ወፈር ያለ መሆን አለበት፣ ስስ ከሆነ ቡናውን ያሳርረዋል፤ መያዣዋ የማይግል ይሁን፤ በጎኗ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ መተንፈሻዋ ናት፣ ከተደፈነች አደጋ ነው፤ ውስጧ ያለው የጎማ ቀለበት በጊዜ ብዛት ስለሚደርቅ ትርፍ ጎማ አብሮ ይገዛል። አያ ክንዴ ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ ጀበና እንደሚመረጥ አንሥተው በጥፍራቸው መታ አደረጓት። ድምፁ እንደ ቃጭል ጠራ።

«አልተሰነጠቀችም» አሉ። «ይህችን ስጠኝ። ሁለቱ ለኔና ለልጄ፣ ሦስተኛው ደጄን ለመጣ።»

ባለሱቁ ጎማውን አክሎ ጠቀለላት። እንየው «ከጋቢዎ ሥር ይደብቋታል?» ብሎ ቢቀልድ አያ ክንዴ «ቀልድህን ተው» አሉ፤ ግን አልደበቋትም። በአውቶቡሱ ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋት ተመለሱ።

ዕቃ መግዛት ግን ዕቃን ማወቅ አይደለም። ቅዳሜ ዕለት ዋጋዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አያ ክንዴ በሩን ገርበብ አድርገው ሞከሩ። ቡናውን ደጊቱ ታደርገው እንደነበረው በሙቀጫ ዱቄት እስኪሆን ወቀጡት። እንደ አገሩ ልማድ ውሃው ውስጥ ጨው ጣል አደረጉ። ዱቄቱንም ጎተራ እንደሚሞላ ሰው በአውራ ጣታቸው ጠቅጥቀው ጠቅጥቀው ገጠሟትና የሚንቦገቦግ እሳት ላይ ጣዷት። ጠበቁ። ቡና የለም። ጥቂት ቆይቶ በጎኗ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ወጣ፤ ከዚያ ማፏጨት ጀመረች።

በሩ ተገፋ። ጎረቤታቸው አያ ደሴ ነበሩ።

«ክንዴ! የወፍጮ ባቡር ቤትህ ገባ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ምድጃው አጠገብ ሙቀጫውን፣ ዘነዘናውን፣ ጣታቸው ላይ ያለውን የቡና ዱቄት አዩ። «እሰይ! ደጊቱ አፈር ስትለብስ አንተ ቀሚስ ለበስህ?»

አያ ክንዴ ፊታቸው ጠቆረ። ቡጫቂ ጨርቅ አንሥተው መኪናዋን ከነእሳቷ ወደ ውጭ ሊወረውሩ ተነሡ። ያን ጊዜ ዋጋዬ ገባች።

«አባባ፣ አይንኩት!» ብላ እንስራዋን አስቀመጠች። መኪናዋን በጨርቅ ይዛ ከእሳቱ አወረደችና እርጥብ መሬት ላይ አኖረቻት። እስክትበርድ ጠብቃ ከፈተቻት። የተጠቀጠቀው ቡና እንደ ጭቃ ጡብ ደርቆ ወጣ። ልጅቱ አየችው፤ አባቷን አየች፤ ሳቋ አመለጣት። ከእናቷ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

«ተዪው» አሉ አባቷ በቀስታ። «ሳቂ። ምን አድርጌ ነው?»

«ደፍነውት ነው አባባ። ውሃ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲሆን ቦታ ይጠበዋል፤ ሲጠበው ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቡናው በጣም ከደቀቀና ከተጠቀጠቀ ግን መንገድ ያጣል፤ ያን ጊዜ በመተንፈሻው ይወጣል። መተንፈሻው ባይኖር ይፈነዳ ነበር። ጨውም ብረቱን ስለሚበላው ይቅር።»

«ይህን እንየው ነገረሽ?» አሉ አያ ደሴ።

«አይደለም፤ የሳይንስ አስተማሪያችን ነው። መስከረም ላይ ተምረነዋል። ከዚያ ወዲህ ያለውን... አላውቀውም።»

ዋጋዬ አጥባ፣ ቡናውን ሻከር አድርጋ ወቅጣ፣ ሳትጠቀጥቅ ሞላች፤ እሳቱንም ቀነሰች። ከዚያ ግን መኪናዋን ለአባቷ ሰጠቻቸው። አያ ክንዴ በገዛ እጃቸው ጣዷት። ብዙም ሳይቆይ ከላይ ጉርግር አለችና ጥቁር፣ አረፋ የለበሰ ቡና ተጠራቀመ። ሦስት ስኒ ቀዱ፤ እጃቸው ስላልለመደ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ።

አያ ደሴ ቀመሱ። ፊታቸውን አኮማተሩ፤ እንደገና ቀመሱ። «ጨው የለውም። ግን... ቀጭን አይደለም። ልብ ይመታል።» አባትና ልጅ አንዱን ስኒ ተጋርተው ነበር፤ አያ ደሴ የራሳቸውን ጨርሰው ሦስተኛውን ስኒ አዩ። ማንም አልነካውም። «ያኛው የማን ነው?»

አባትና ልጅ ተያዩ፤ ደጊቱ ብትኖር የሷ ነበር።

«ሰኞ ዋጋዬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች» አሉ አያ ክንዴ መልሱን ትተው። «አሁን ስደበኝ ደሴ። የቀረህ ስድብ ካለ ዛሬ ጨርሰው።»

አያ ደሴ ባዶ ስኒያቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። «የኔዋን አምሳለን ሦስተኛ ክፍል ላይ አስቀርቻታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እናቷ ወገቧን ታማ ነበር። ድና እንኳ አልመለስኋትም። እንፋሎት ውሃ ይገፋል ወይ ብላት ምን ትለኛለች?» ተነሡ፤ በሩ ላይ ቆመው ዞሩ። «ቀሚስ ያልሁትን ተወው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይሰደብም።»

ሰኞ ጧት ዋጋዬ ደብተሯን አቀፈች። ስሟ አልተሰረዘም። አያ ክንዴ እስከ ደጃፉ ሸኟት። ስትርቅ፣ ነጠላዋ ከቀርከሃው አጥር ኋላ ሲሰወር፣ ቤት ገብተው መኪናዋን ጣዱ። ሦስት ስኒ ቀዱ። አንዱን ጠጡ። ሁለተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የሚንቆረቆር ድምፅ አልነበረም፤ አንጓዋን የምትሰብር እጅ አልነበረችም። ያን ጊዜ የደጊቱ ቦታ ባዶ መሆኑን አዩት፤ በሰባ አራት ቀን ውስጥ መጀመሪያ ማየታቸው ነው። ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። አያ ደሴ ደርሰው እስኪጠሯቸው ድረስ አለቀሱ፤ ከዚያ ሦስተኛውን ስኒ ለእንግዳቸው አሞቁላቸው።

የመጣው ጥቅም ይህ ነው፦ ልጅቱ ትምህርቷን ቀጠለች። በቤቱ እሳት ቀኑን ሙሉ መንደድ ስለቀረ እንጨት ተረፈ፤ የዓይን ማልቀሻ የሆነው ጭስም ቀነሰ። አንድ ሽማግሌ የሰው እጅ ሳያይ ራሱን ማስተናገድ ቻለ፤ እንግዳም ሳይቀምስ አልተመለሰም። በጥር መግቢያ አምሳለም ከዋጋዬ ጋር ደብተር ይዛ ታየች። ልማድ ለሰው ተሠራ እንጂ ሰው ለልማድ አልተሠራም፤ ጀበና የሚጨብጥ የወንድ እጅም እስከ ዛሬ ሲረግፍ አልታየም። ሐዘን ግን በዕቃ አይጠፋም። ዕቃው የሚያደርገው ሐዘኑን ከልጅ ትከሻ አውርዶ ለባለቤቱ መመለስ ብቻ ነው።

የዚያን ሰኞ ዕለት አያ ደሴ ሲሄዱ፣ አያ ክንዴ ከምድጃው አንድ ከሰል አነሡ። ፊደል አያውቁም። ከልጃቸው ጭረቶች ትይዩ፣ በሌላው ግድግዳ ላይ፣ አንድ ጭረት አሰመሩ። ማክሰኞም አሰመሩ። አምስት ሲሞላ ቅዳሜ ደረሰ። ከሰሉን አንሥተው አሰቡ፤ ከዚያ መልሰው አስቀመጡት፤ ልጃቸው እንዳደረገችው ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዉ።

የደጊቱን ቀን ግን በልባቸው ቆጠሩት፤ ቅዳሜንም እሑድንም ሳይዘሉ።